ሆደ ሰፊው ልብስ ሰፊ

ወንድሜን ሠፈሩ የሚያውቀው «ሆደ ሰፊው» እያለ ነው። ስሙን ያወጣለት ከሱቁ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ፀጉር ቤት የከፈተው ጓደኛው ነበር። ሲጻፉ ሁለቱ «ሰፊ»ዎች አይለዩም፤ ጨርቅ የሚሰፋውም ሰፊ ነው፣ ጠባብ ያልሆነውም ሰፊ ነው። ወንድሜ ሁለቱም ነበር። ደንበኛ ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሶ «እጅጌው አሁንም ይይዘኛል» ሲለው ስፌቱን ይፈታል እንጂ ግንባሩን አይቋጥርም። ሰውነቱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ቀጭን ነው። ፀጉር አስተካካዩ፣ «የዚህ ሰውዬ ሆድ የሰፋው ለሰው ነው፤ ለራሱማ ቀበቶው ሁለት ጊዜ ይዞረዋል» እያለ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ያስቅበት ነበር።

ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ሱቅ ውስጥ ሠርቷል። ሱቁ በእርምጃ አምስት በሦስት ነው። ከበሩ በስተግራ በእግር የምትረገጠው የስፌት መኪና፣ በስተቀኝ የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው በላይ ደግሞ ሰዎች አሰፍተው ያልወሰዱት ልብስ የሚሰቀልበት ረጅም ብረት አለ። ጨርቅ ላይ የሚያሰምረው በጠመኔ ሳይሆን ታጥቦበት ባለቀ የሳሙና ስባሪ ነው። ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም። አንድ ቀን ለምሳ ስንወጣ መንገድ ላይ አስቁሜ ላወልቅለት ስል እጄን ያዘና፣ ያለሱ ራቁቱን የሚሄድ እንደሚመስለው ነገረኝ።

እኔ የሆስፒታል መዝገብ ክፍል ኃላፊ ነኝ። እናትና አባታችን ሲሞቱ እሱ ሃያ አንድ፣ እኔ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ያስገባችኝም ያስጨረሰችኝም ያቺ የስፌት መኪና ናት። ስለ መዝገብ አያያዝ እንደማጠና በነገርኩት ቀን ሥራውን አቁሞ አየኝ።

«አራት ዓመት ሙሉ ወረቀት መደርደር ነው የሚያስተምሯችሁ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «እመት መዝገብ» ሆንኩ። ለደንበኞቹ ግን እንደዚያ አልነበረም የሚያወራው። «እህቴ ሐኪም ቤት ነች» ይላል። ሰው ሐኪም ነኝ ብሎ ቢገምት አያርመውም። እኔ ቆሜ እየሰማሁ ሳርመው፣ «አንቺ ደግሞ፣ ሰው ደስ ቢለው ምን አለበት» ብሎ ይቆጣኛል። ሐኪም ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ስለ በሽታ እንደሚያውቅ ከልቡ ያምን ነበር። ይህንን እምነቱን እንደ ቀልድ ስወስደው ኖርኩ።

ሚስቱ የሞተችው በድንገት ነው። ረቡዕ ራሴን አመመኝ አለች፣ ቅዳሜ ቀበርናት። ልጅ አልነበራቸውም። እሱ በሳምንቱ ሱቁን ከፈተ፤ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ምን ያደርጋል።

በሰባተኛው ሳምንት፣ ከሥራ ስወጣ፣ የሥራ ጋውኔን እጅጌ እንዲያሳጥርልኝ ሄድኩ። ጋውኑን አልብሶ ክንዴን ዘርግቶ አቆመኝ። ሲለካ ስፒሎችን በከንፈሩ ነክሶ ይይዛል፤ እንደዚያ ሲሆን አያወራም። ያን ቀን ግን ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠና፣

«ሆዴ አልችል አለኝ» አለ። «አንጀቴን ያቃጥለኛል።»

«ሁላችንም አርረናል፣ ጋሼ። ጊዜ ነው የሚሽረው።»

«እንዲያ ነው የምትዪው?»

«እንዲያ ነው።»

ስፒሎቹን መልሶ ነከሰና እጅጌዬን አጠፈ።

በቋንቋችን ሐዘንም እህልም የሚያርፉት አንድ ቦታ ነው። የምንወደውን ሰው ሆዴ እንለዋለን፤ ሲከፋን ሆድ ይብሰናል፤ የራራንለት ሰው አንጀታችንን ይበላል፤ ያናደደን ያሳርረዋል። ሚስቱ በሞተች በሰባተኛው ሳምንት አንጀቴ ተቃጠለ የሚልን ሰው ጨጓራህ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው? ይህን የምጽፈው ለማመካኘት አይደለም። «ጨጓራዬን» ቢለኝ ኖሮ በማግስቱ ካርድ አወጣለት ነበር። ያለኝ «አንጀቴን» ነው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ የትኛውን ማለቱ እንደነበር ጠየቅኩት። 

«እኔስ መች ለየሁት» አለኝ። «አንቺ ግን ሐኪም ቤት ነሽ። ጊዜ ይሽረዋል አልሽኝ፣ ጊዜ ሰጠሁት።»

የሰጠው ጊዜ አሥራ አንድ ወር ነው።

በአሥራ አንደኛው ወር የራሱን ሱሪ ወገብ ሦስት ጊዜ አጥብቦ ነበር። ምግብ ሁለት ጉርሻ ላይ ያቆማል። ይህንን ያየው እኔ ሳልሆን ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሱቁን ዘግቶ፣ «ዛሬ ካልሄድክ በምላጭ ነው የምከፍትህ» ብሎ እየገፋ ሆስፒታል አመጣው። በጉሮሮው ካሜራ አስገብተው አዩት። የጨጓራ ካንሰር ነበር። ዕጢውን እንዲያሳንስለት አራት ወር መድኃኒት ይወስዳል፣ ከዚያ ቀዶ ጥገና ይደረግለታል ተባለ። ካርዱን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ስሙን በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፍኩት። ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም።

የያዘችው ሐኪም የሆድ ዕቃ በሽታዎች ስፔሻሊስት ናት፤ ወጣት ናት፣ ስትናገር እጇን ኪሷ ውስጥ ትከታለች። አራት ዓመት ስታዘጋጀው የቆየች ጥናት ነበራት። የጨጓራና የአንጀት ካንሰር ያለባቸው ሰዎቻችን ለምን ይህን ያህል ዘግይተው እንደሚመጡ፣ ዕጢውም ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ነው የምትፈልገው። ፈቃዱ ወጥቷል፤ ቅጹን እኔና እሷ ተቀምጠን አዘጋጅተነዋል። የጎደለው አንድ ዕቃ ነው፤ ከታማሚዎች የሚወሰደውን ናሙና ለዓመታት ሳይበላሽ የሚያቆይ ኃይለኛ ማቀዝቀዣ። በጀት ስትጠይቅ በሚቀጥለው ዓመት ይሏታል፤ በሚቀጥለው ዓመትም እንደዚያው ይሏታል።

ወንድሜ ይህን የሰማው በራሱ ጥያቄ ነው። ከሆዱ የሚያወጡትን ነገር ምን እንደሚያደርጉት ጠየቃት። ከምርመራ በኋላ እንደሚወገድ ነገረችው።

«ይጣላል ማለት ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ። ማስቀመጫ የለንም።»

ወንድሜ የመዳፍ ታህል ቁራጭ ጨርቅ ጥሎ አያውቅም። የቀዶ ጥገናውን ቀን ጠየቃት። ነገረችው። ማቀዝቀዣው ከዚያ ቀን በፊት ቢገባስ? ያኔ የእሱ የጥናቱ የመጀመሪያ ናሙና ይሆናል አለችው። ካልገባ ግን ከሌላው ጋር ይቃጠላል።

«ይሄ ነገር ሆዴ ውስጥ አንድ ዓመት ያለ ኪራይ ኖሯል» አላት። «በነጻ አይወጣም። ይከፍላል።»

እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ሲቀልድና ሲቆርጥ ድምፁ አንድ መሆኑን ስለማውቅ።

በሳምንቱ ሱቁ በር ላይ ሰሌዳ ተሰቀለ። «ወገቡ የሰፋ፣ ወገቡ ለጠበበ ይክፈል» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ለሆድ ዕቃ ካንሰር ምርምር» የሚል ተጽፏል። ሕጉ ቀላል ነው። የሱሪ ወገብ የሚያሰፋ ሰው እጥፍ ይከፍላል፤ ትርፉ፣ ቁልፉ ሆስፒታሉ ዘንድ ባለ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሱሪ የሚያጠብብ ሰው ምንም አይከፍልም፤ አንድ ጥያቄ ግን ይመልሳል፤ ምን አጠበበው?

ፀጉር አስተካካዩ ሰሌዳውን ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እኔስ ፀጉሩ የበዛ ለመላጣ ይክፈል ብዬ ልጻፍ?»

«መላጣው አንተው ነህ» አለው ወንድሜ። «ለራስህ ልትለምን?»

ፀጉር አስተካካዩ ቢያሾፍም የቅዳሜ ገቢውን እያመጣ ሣጥኑ ውስጥ ይከት ነበር። ሲከት ሰው እንዲያየው ይፈልጋል፤ ጉሮሮውን ይጠራርጋል።

ካንሰር የሚለው ቃል ያስበረገጋቸው ደንበኞች ነበሩ። አንድ የድሮ ደንበኛው ጠጋ ብሎ፣ «ያ በሽታ» ብሎ ቢጽፈው እንደሚሻል መከረው፤ ልጆች ያነቡታል አለው። ወንድሜ ስሙን ካልጠራሁት ለምን እንደምለምን በምን ይታወቃል ብሎ መለሰለት። ሰውየው ከዚያ በኋላ ልብሱን ወደ ሌላ ሰፊ ወሰደ። ሌላው ደግሞ ሊያገባ ሦስት ሳምንት የቀረው ጎልማሳ ነበር። ሱሪውን ሊያጠብብ መጥቶ ጥያቄው ሲቀርብለት ተቆጣ። ለሠርጉ ብሎ በስንት መከራ የቀነሰውን ኪሎ በሽታ ነው ሊሉት ነው?

«አንተ ሱሪ ሰፊ ነህ ወይስ ሐኪም?»

«ሰፊ ነኝ» አለው። «ግን ከሐኪሙ ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ። አንተ ሐኪም ዘንድ የምትሄደው ሱሪው ጨርሶ ሲወልቅ ነው።»

ሙሽራው ሳይፈልግ ሳቀ። ባይጠየቅም ከፍሎ ሄደ።

በእነዚያ አራት ወራት ወደ ሆስፒታል የላካቸው ሰዎች አሥራ ሰባት ናቸው። ቁጥሩን የማውቀው ሁሉም በእኔ መስኮት ስለገቡ ነው፤ ማን ላካችሁ ሲባሉ «ልብስ ሰፊው» ይላሉ። የሚበዙት ምንም አልነበረባቸውም። ሦስቱ የጨጓራ ቁስለት ነበረባቸው። አንዲት አስተማሪ የትልቁ አንጀት ዕጢ ተገኘባት፤ ትንሽ ሳለ ተደረሰበት። እሷ ዛሬም ታስተምራለች።

ከሰሌዳውም ይልቅ ሣጥኑን የሞላው ግን ብረቱ ላይ የተሰቀለው ልብስ ነው። አርባ አንድ ነበር፤ አንዳንዱ አሥር ዓመት የሞላው። እኔና ፀጉር አስተካካዩ የትዕዛዝ ደብተሮቹን አገላብጠን ባለቤቶቹን በስልክም በእግርም ፈለግናቸው። መጥታችሁ ልብሳችሁን ውሰዱ፣ የቀረባችሁን ክፍያ ለምርምሩ ስጡ አልን። እያንዳንዱ የረሳው ኮቱ ውስጥ ለመግባት ሲታገል፣ ወንድሜ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ «ያኔ የለካሁት አንተን ነው ወይስ ታናሽ ወንድምህን?» እያለ ይጠይቃል። ከዚያ ያሰፋለታል፤ በእጥፍ ዋጋ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት መጣች። ባሏ ከስድስት ዓመት በፊት ያሠራው ግራጫ ሙሉ ልብስ እዚያ ተሰቅሎ ነበር። እንደሞተ አልሰማንም ነበር፤ ስልኩን ያነሳችው እሷ ናት። በምን እንደሞተ ስትናገር ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ በአንጀት ነው። ልብሱን አወረድንላት። እጅጌውን በሁለት ጣቶቿ ይዛ፣

«አልቆ ነበር?» አለች።

«ቁልፉ ነው የቀረው» አላት።

«እንግዲያው ቁልፉን ትከሉልኝ።»

ወንድሜ ያን ሰሞን መድኃኒቱ ጣቶቹን አደንዝዞት ነበር፤ መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው እኔ ነበርኩ። እንድረዳው ስጠጋ በዓይኑ ከለከለኝ። ሴትየዋ ቆማ ስትጠብቅ ስድስቱን ቁልፎች በእጁ ተከለ፤ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀበት።  ከፍላ፣ ልብሱን ክንዷ ላይ አጥፋ ወጣች። ወንድሜ ከዚያ በኋላ ሱቁን ዘጋና በዚያ ሳምንት አልከፈተም።

በአራተኛው ወር የመኪናውን ፔዳል መርገጥ አቃተው። ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጦ የሱሪ እግር በእጅ ይቀምቅም ነበር። ማቅለሽለሽ ሲመጣበት «ይቅርታ» ብሎ ከመጋረጃው ኋላ ይሄድና ሲመለስ ንግግሩን ካቆመበት ቃል ይቀጥላል። አንድ ሺህ ጊዜ በቃህ አልኩት። ቀኑን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ሣጥኑ ሳይሞላ ቀኑ ቢደርስ፣ ሊያወጡለት ያለው ነገር ከጥጥና ከፋሻ ጋር እንደሚቃጠል እንጂ፣ ቢላዋው እሱን ምን እንደሚያደርገው አላሳሰበውም። ወይም እንደዚያ ነው የሚያስመስለው።

ሣጥኑ በጊዜው ሞላ፤ ማቀዝቀዣው ሰኞ ገባ። ቀዶ ጥገናው ሐሙስ ነበር።

ማክሰኞ ሊያየው መጣ። ቤተ ሙከራው ደጃፍ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ አጥሮ ነበር፤ ግድግዳ ተደግፎ አረፈ። ማቀዝቀዣው ነጭና ረጅም ነው፣ እየጮኸ ይሠራል። ወንድሜ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ መሐሉን ለካው።

«ወገቡ ሰፊ ነው» አለ። «ይሄም መክፈል ነበረበት።»

ሐኪሟ ኪሷ ውስጥ እጇን ከታ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቀዶ ጥገና ክፍል ገባ። አምስት ሰዓት ይፈጃል ተብለን ነበር። ሐኪሟ በአንድ ሰዓት ከሩብ ውስጥ ኮሪደሩ ላይ ስትመጣ አየኋት። እኔ በዚያ ኮሪደር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተመላልሻለሁ። ቶሎ የወጣ ሐኪም ምን ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ዕጢው በሆድ ዕቃው ሽፋን ላይ ተበትኗል አለችኝ፤ ምስሉ አላሳየንም ነበር። የጥፍር ታህል ናሙና ብቻ ወስደው መልሰው ሰፍተውታል።

ሲነቃ ከጎኑ ነበርኩ። ከንፈሩ ደርቆ ተጣብቋል፤ በጥጥ አራስኩለት።

«ገባ?» አለኝ።

«ገብቷል፣ ጋሼ። ቁጥር አንድ።»

«ሁሉም?»

ልዋሽ አስቤ ነበር። አልቻልኩም። ትንሽ ብቻ እንደወሰዱ፣ ቀሪውን ማውጣት እንዳልተቻለ ነገርኩት። ዓይኑን ወደ ጣራው አነሳ።

«ለናሙና ቁራጭ ይበቃል» አለ። ይህን የተናገረው ደንበኛ ጨርቅ ሲያስመርጥ በሚናገርበት ድምፅ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ቤቱ ወሰድነው። በዚያው ሳምንት የናሙና ቁጥር አንድ ቅጽ ለማረጋገጫ ወደ እኔ ክፍል መጣ። ጥናቱ ውስጥ የሚገባው ሁሉ ከካርዱ ጋር ተመሳክሮ በእኔ ፊርማ ነው የሚያልፈው። ጥያቄ አሥራ አንድ እንዲህ ይላል፤ «ሕመሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተናገሩት መቼ ነው? ለማን?» ወንድሜ ከቀዶ ጥገናው በፊት ብቻውን ተጠይቆ መልሷል። ካሜራ የገባለትን ሳምንት ነው የጠራው። ለማን ለሚለው «ለሐኪም» ብሏል።

ያን ጥያቄ ስናዘጋጅ ሐኪሟ ያለችኝ ትዝ ይለኛል። ጥናቱ ሰው ለምን እንደሚዘገይ ለማወቅ ነው፤ ይህ መልስ ከተበላሸ ናሙናው ለእኔ ሥጋ ብቻ ነው ብላኝ ነበር።

ሱቁ ሄጄ የትዕዛዝ ደብተሩን ከፈትኩ። ወንድሜ የዘመድ ሥራም ቢሆን ሳይጽፍ አይሠራም። «የእህቴ ጋውን፣ እጅጌ ማሳጠር» ይላል፤ ከጎኑ ቀኑ አለ። ካሜራው ከገባበት ሳምንት በአሥራ አንድ ወር ይቀድማል።

ቅጹን ይዤ ቤቱ ሄድኩ። በመስኮቱ በኩል ፀሐይ እግሩ ላይ ወድቃ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ አጠገቡ ተቀምጦ ፂሙን እየላጨው ነው። ጨርሶ እስኪያብስለት ጠበቅሁ።

«ጋሼ፣ አሥራ አንደኛው ላይ የሰጠኸው መልስ ልክ አይደለም።»

«ልክ ነው።»

«ለእኔ ነግረኸኝ ነበር።»

«ስለ ሚስቴ ነው ያወራሁሽ።»

«ደብተርህን አይቻለሁ።»

ግንባሩን ሲቋጥር ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ በሕይወቴ የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም።

«አራት ወር የለመንኩት አንቺ እንድትጻፊበት ነው?» አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሁለት ቀን ኮረፈኝ። የሚፈልገውን ሁሉ በፀጉር አስተካካዩ በኩል ነበር የሚልክብኝ። እኔ ከአልጋው ሥር ቆሜ፣ ፀጉር አስተካካዩ ከራስጌው ተቀምጦ፣ «እመት መዝገብን ውሃ አምጪ በላት ይላል» ይለኛል። አመጣለሁ። «ሞቀ በላት ይላል።» እቀይራለሁ። በሁለተኛው ቀን ፀጉር አስተካካዩ፣ «እኔ ፖስታ ቤት አይደለሁም፣ ተነጋገሩ» ብሎ ወጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ሲያለቅስ በመስኮቱ አየሁት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠራኝ።

«ያቺ ልጅ» አለ፣ ሐኪሟን ማለቱ ነው፤ «የእኔ መልስ እንደዚያ ቢቀር ምን ይጎድልባታል?»

ያለችኝን ነገርኩት። ሥጋ ብቻ የሚለውን ደገመልኝ። ከዚያ፣ ልኩ ያልተጻፈ ቁራጭ ማለት ነው ብሎ ለራሱ ተናገረ።

«እንግዲያው ጻፊ።»

በእኛ ሥራ የተሳሳተ ነገር አይፋቅም፤ ከሥሩ እንዲነበብ አንድ መስመር ብቻ ይሰመርበታል። አሰመርኩ። እውነተኛውን ቀን ከላይ ጻፍኩ። «ለሐኪም» በሚለው ላይም አሰመርኩና «ለእህቱ» ብዬ ጻፍኩ። ያረመው ሰው በሚፈርምበት ቦታ ፈረምኩ። የብዕሩን ድምፅ እየተከተለ ይሰማ ነበር።

«ከሱ ቀጥሎ ጨምሪበት» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«‹ሰምታኝ ነበር፤ የሰማችው ግን ሌላውን ሆድ ነው› በይ።»

«ጋሼ፣ ለእሱ ቦታ የለውም።»

«ጠርዙ ላይ ጻፊው። ወረቀቱ ትርፍ አለው አይደል?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሠራተኞቼ ያስተማርኩት ጠርዝ ላይ እንዳይጽፉ ነው። ጠርዝ ላይ የተጻፈ ነገር ማስረጃ አይሆንም፤ ይልቁንም በመስመሩ ውስጥ ያለውን ያስጠረጥራል። ይህ ቅጽ ከተጠረጠረ ደግሞ አራት ወር የለፋበት ነገር ሁሉ ይወድቃል። ብዕሩን ጠርዙ ላይ አድርጌ፣ ጫፉ ወረቀቱን ሳይነካ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ወሰድኩት።

«ጻፍሽው?»

«ጽፌዋለሁ።»

«አንብቢልኝ።»

ዓይኑ ፊደል መለየት ካቆመ ሳምንት ሆኖት ነበር። ወረቀቱን አቅርቤ ከባዶው ጠርዝ ላይ አነበብኩለት።

«ሰምታኝ ነበር፤ የሰማችው ግን ሌላውን ሆድ ነው።»

«‹ሰምታኝ› አይደለም» አለ። «ከ‹ለእህቱ› ጋር አይገጥምም። ‹እህቱ ሰምታው ነበር› በይው።»

ብዕሩን እንደገና በአየር ላይ አስኬድኩ፤ ባልተጻፈው ላይ አንድ መስመር አሰመርኩ፤ እንደገና አነበብኩ።

«እህቱ ሰምታው ነበር፤ የሰማችው ግን ሌላውን ሆድ ነው።»

«አሁን ልክ መጣ» አለና ዓይኑን ከደነ።

ቅጹን በማግስቱ ለሐኪሟ አስረከብኩ። ናሙናው ጥናቱ ውስጥ ገባ። ወንድሜ ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን ኖረ። ጠርዙ ንጹሕ ነው።